ሴራሚክን ከተፈጥሮ ጥርስ ጋር የማጣበቅ ጥበብ፤ አመጣጡና ትምህርቱ

መግቢያ

የተሰበረ የእንጨት ዕቃ በሙጫ ይጠገናል፤ ብረትም ከብረት ጋር ይበየዳል። በባሕርያቸው የሚመሳሰሉ ነገሮችን አንድ ማድረግ ለሰው ልጅ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ አያውቅም። በእሳት የበሰለን ሴራሚክ ሕይወት ካለው ጥርስ ጋር ማያያዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንደኛው ደረቅ፣ ግትርና ተሰባሪ ነው፤ ሁለተኛው ከውስጡ እርጥበት የማይለየው የአካል ክፍል ነው። መገናኛቸውም አፍ ነው፤ ምራቅ የማይደርቅበት፣ ትኩስ ቡናና ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈራረቁበት፣ የማኘክ ኃይል ዕለት ዕለት ደጋግሞ የሚያርፍበት ሥፍራ ነው። እነዚህን ሁለት የማይመሳሰሉ አካላት በእንዲህ ያለው ቦታ ለዓመታት እንዳይለያዩ አድርጎ ለማጣበቅ የጥርስ ሕክምና ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ረጅም ጉዞ በአጭሩ መተረክ ነው። ሆኖም ታሪኩ የሙጫዎችና የአሲዶች ስም ዝርዝር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተለናል፤ ይኸውም ሴራሚኩ በቦታው እንዲጸና ሲባል ከጤናማው ጥርስ ምን ያህል ተሞርዶ መጣል ነበረበት? የሚለው ነው። በጸሐፊው እምነት የማጣበቅ ጥበብ ዋና ፍሬ የሚለካው በማጣበቂያው ብርታት ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲረዳልን እናሳስባለን።

ሳይጣበቅ የቆመው ሴራሚክ

ፖርሴሊን ወደ ጥርስ ሕክምና የገባው በፈረንሳይ አገር ነው። በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሳን ዠርማን አን ሌ ይኖር የነበረ አሌክሲ ዱሻቶ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ከዝሆን ጥርስ የተሠራው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ሽታ እያመጣ ስላስቸገረው፣ በ1774 በምትኩ ከፖርሴሊን የተሠራ ጥርስ ለማግኘት ተነሣ። ሐሳቡን ኒኮላ ዱቧ ደ ሼማን የተባለው የጥርስ ሐኪም አሻሻለው፤ በ1791ም በእንግሊዝ አገር የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። ጁሴፓንጀሎ ፎንዚ የተባለው ኢጣልያዊ ደግሞ በ1808 በፓሪስ የፕላቲኒየም ችንካር ያላቸውን ነጠላ ነጠላ የፖርሴሊን ጥርሶች አቀረበ። እነዚህ ሁሉ ግን የወለቀውን ጥርስ የሚተኩ ነበሩ እንጂ በአፍ ውስጥ በቀረው ጥርስ ላይ የሚጣበቁ አልነበሩም።

ሴራሚክን በተፈጥሮ ጥርስ ላይ በማቆም ረገድ ስሙ በግንባር ቀደምትነት የሚነሣው ቻርልስ ላንድ ነው። ላንድ በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ይሠራ የነበረ የጥርስ ሐኪም ሲሆን፣ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ብቻውን በአውሮፕላን ያለ ዕረፍት በማቋረጥ ዝነኛ የሆነው የቻርልስ ሊንድበርግ የእናቱ አባት ነው። ላንድ በ1880ዎቹ ስስ የፕላቲኒየም ቅጠልን በጥርሱ ቅርጽ ልክ አበጅቶ፣ በዚያ ላይ ፖርሴሊኑን በምድጃ በማብሰል ኢንሌይና «ጃኬት» የተባለውን ክራውን ሠራ፤ በ1903ም ሥራውን በሙያ መጽሔት አብራራ። መልኩ ከጎረቤቱ ጥርስ የማይለይ በመሆኑ ለዘመኑ ትልቅ እመርታ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ክራውን በጥርሱ ላይ የጸናው ተጣብቆ አልነበረም። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው የዚንክ ፎስፌት ሲሚንቶ በክራውኑና በጥርሱ መካከል ያለውን ክፍተት ከመሙላትና እንደ ውሻል ከማጥበቅ በቀር ከሁለቱ ከአንዱም ጋር አይዋሐድም። የሙዳይ ክዳን በአፉ ላይ የሚጸናው ልኩ ስለገጠመ እንጂ ሙጫ ስለያዘው እንዳልሆነ ሁሉ፣ ክራውኑም የሚቆመው የጥርሱ ቅርጽ ስለያዘው ነበር። ስለሆነም ሐኪሙ ጥርሱን ዙሪያውን ሞርዶ፣ ጎኖቹ ወደ ጫፉ በጥቂቱ የሚሰበሰቡ ግንድ አስመስሎ ማዘጋጀት ነበረበት። ግንዱ ያጠረ ወይም የሾለ እንደሆነ ክራውኑ ይወልቃል። በሌላም በኩል ፖርሴሊን ተሰባሪ በመሆኑ እንዳይሰነጠቅ ውፍረት ይሻል፤ ያ ውፍረት የሚገኘውም ከጥርሱ ተቀንሶ ነው። በመሆኑም ጥጉ ብቻ የተሸረፈ የፊት ጥርስ ይዞ የመጣ ሰው በፖርሴሊን ክራውን ይታከም ከተባለ፣ ቀሪው ጤናማ ኢናሜል ዙሪያውን ተገፍፎ ይሄድ ነበር። በሽታው ያልነካውን ሕክምናው ነካው ማለት ነው።

የሚቀጥለው ትውልድ መፍትሔ የፈለገው ሴራሚኩን በማበርታት ነው። ዋይንስታይንና ባልደረቦቹ በ1962 ባስመዘገቡት ፈጠራ ፖርሴሊንን ከወርቅ ቅይጥ ጋር አብሮ ማብሰል ተቻለ። በ1965 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ማክሊን ከሂዩዝ ጋር ሆኖ ፖርሴሊኑን በአሉሚና ቅንጣቶች አጠነከረው። ሁለቱም ሥራዎች የክራውንን ዕድሜ ያራዘሙ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን የጥርሱን ዕዳ አላቀለሉም። ከብረቱ በላይ ብረቱን የሚሸፍን፣ ከእርሱም በላይ መልክ የሚሰጥ ፖርሴሊን ስለሚያስፈልግ ቦታው ሁሉ ከጥርሱ ላይ ይወሰዳል። ኤደልሆፍና ሶረንሰን በ2002 ባወጡት ጥናት ለሙሉ ክራውን ሲባል ከጥርሱ የሚታይ አካል ከመቶ ከ63 እስከ 72 እጅ የሚሆነው እንደሚወገድ በሚዛን ለክተው አሳይተዋል።

ከዚህ የተለየ ፍንጭ በ1930ዎቹ በሆሊውድ ታይቶ ነበር። ቻርልስ ፒንከስ የተባለው የጥርስ ሐኪም ለፊልም ተዋንያን ስስ የሴራሚክ ቅርፊቶችን እየሠራ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን ከድድ ጋር ለማያያዝ በሚያገለግለው ዱቄት ለቀረጻው ሰዓት ብቻ ይለጥፍላቸው ነበር። ጥርሱ አይሞረድም፤ መልኩ ግን ያምራል። ቀረጻው ሲያበቃ ቅርፊቱ ተነሥቶ በዕቃው ውስጥ ይቀመጣል፤ ተዋናዩ እንጀራውን ሊበላበት አይችልም። ፒንከስ ቅርፊቱን አግኝቷል፤ ያላገኘው የሚያጣብቀውን ነው።

አሲድና ኢናሜል

ለችግሩ የመጀመሪያው ቁልፍ የተገኘው ከጥርስ ሕክምና ውጭ ነው። የብረት ቀለም ቀቢዎች ቀለሙ አጥብቆ እንዲይዝላቸው ብረቱን አስቀድመው በፎስፎሪክ አሲድ ያዘጋጁት ነበር። በኒውዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ በኢስትማን የጥርስ ሕክምና ተቋም ይሠራ የነበረው ማይክል ቦኖኮር ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ በጥርስ ላይ ሞከረው። በ1955 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ኢናሜሉን በ85 ከመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ አስበልቶ፣ ካጠበና ካደረቀ በኋላ በላዩ ላይ ያኖረው አክሪሊክ ካልተዘጋጀው ኢናሜል ይልቅ እጅግ ለረዘመ ጊዜ ሳይወድቅ መቆየቱን አስታወቀ።

የነገሩ ምሥጢር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የጭቃ ቤት የሚመርግ ሰው የመጀመሪያውን ምርጊት አለስልሶ አይተወውም። ልስኑ የሚይዝበት እንዲያገኝ ገጹን በጣቱ ይወጋጋዋል፤ ይጫጭረዋል። ለስላሳው ግድግዳ ላይ የተለሰነ ጭቃ ሲደርቅ ይረግፋል፤ በተወጋጋው ላይ የተለሰነው ግን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይጸናል። በኢናሜልም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ከክብደቱ ከመቶ 96 እጅ ያህሉ ማዕድን የሆነው ኢናሜል አሲድ ሲነካው ከሥነ አካሉ አንዳንዱ ክፍል ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሟሟ፣ ለዓይን የማይታዩ በሺህኛ ሚሊሜትር የሚለኩ እጅግ ብዙ ጉድጓዶች ይፈጠሩበታል። ፈሳሹ ሬዚን ወደ እነዚህ ጉድጓዶች ሰርጎ ሲጠጥር እንደ ሥር ይይዛል። ይህን ሥር መሰል አያያዝ በ1960ዎቹ መጨረሻ ግዊኔትና ማትሱይ፣ ከዚያም ራሱ ቦኖኮር በአጉሊ መነጽር አሳይተዋል።

ይሁንና የሙያው ሰዎች ግኝቱን በአንድ ጊዜ አልተቀበሉትም። ጥርስን ከአሲድ መጠበቅ ሲማር የኖረ ሐኪም ራሱ አሲድ ያፍስስበት ቢባል ቢያመነታ አያስደንቅም። ሌላም ምክንያት ነበረ። የዚያን ጊዜው አክሪሊክ ሲጠጥር አብዝቶ ይኮማተራል፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበትም ከጥርሱ ይልቅ ይለጠጣል፤ ይሸበሸባል። ይህን ጉድለት ያቃለለው በአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት ይመራመር የነበረው ራፋኤል ቦወን ነው። ቦወን በ1962 የፈጠራ መብት ያገኘበት አዲስ ሬዚን በሲሊካ ዱቄት የታጨቀ ነበር። ዱቄቱ ከሬዚኑ እንዳይለይም ሲሌን በሚባል ውሁድ አስቀድሞ ለበጠው። ዛሬ ኮምፖዚት እያልን የምንጠራው የዚያ ልጅ ነው። ሲሌን እዚህ ላይ የገባው ለመሙያ ዱቄት ሲባል ብቻ ቢሆንም፣ በኋላ የሴራሚክን ታሪክ የሚለውጠው እርሱ ስለሆነ አንባቢው ስሙን ልብ ይበልልን።

በዚሁ ዘመን በሲሚንቶ በኩልም እርምጃ ነበር። ዴኒስ ስሚዝ በ1968 ያቀረበው ፖሊካርቦክሲሌትና ዊልሰንና ኬንት በ1972 ያስተዋወቁት ግላስ አዮኖመር ከጥርሱ ማዕድን ጋር በኬሚካል የሚያያዙ የመጀመሪያዎቹ ሲሚንቶዎች ናቸው። የጥርሱን ወገን ያዙ፤ የሴራሚኩን ወገን ግን አጥብቀው አልያዙም። ድልድይ ከአንዱ ዳር ብቻ ቢሠራ ስለማያሻግር ችግሩ ባለበት ቆየ።

የሴራሚኩ ገጽ

ወደ ሁለተኛው ዳር የሚወስደው መንገድ የተከፈተው በሰው ሠራሽ ጥርስ በኩል ነው። የፖርሴሊን ጥርሶች ከአክሪሊክ ድድ እየተላቀቁ ያስቸግሩ ስለነበር፣ ፓፈንባርገር፣ ስዊኒና ቦወን በ1967 ፖርሴሊኑን በሲሌን በማከም ከአክሪሊኩ ጋር ማያያዝ እንደሚቻል ገለጡ። የሲሌን ሞለኪውል ሁለት እጅ አለው ቢባል ያስኬዳል። በአንደኛው በሴራሚኩ ውስጥ ያለውን ሲሊካ ይጨብጣል፤ በሁለተኛው ሬዚኑ ሲጠጥር አብሮት ይተሳሰራል። ፖርሴሊን በአብዛኛው ሲሊካ ያዘለ ብርጭቆ ስለሆነ ለዚህ ጭብጥ የተመቸ ነው።

ፈረንሳዊው አለን ሮሼት የኢናሜሉን አሲድና የሴራሚኩን ሲሌን በአንድ ሕክምና ላይ አገናኛቸው። በ1975 ባወጣው ጽሑፍ ለተሰበረ የፊት ጥርስ የጎደለውን ቁራጭ ብቻ በፖርሴሊን ሠርቶ፣ በሲሌን አክሞ፣ አሲድ በበላው ኢናሜል ላይ በሬዚን አጣበቀው። ከላንድ ጃኬት ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ላንድ የጎደለውን ለመሙላት የቀረውን ይሞርድ ነበር፤ ሮሼት የቀረውን እንዳለ ትቶ የጎደለውን ብቻ መለሰ።

የሮሼት ሥራ ወዲያውኑ የብዙኃኑ ልማድ አልሆነም። በመካከሉ፣ በ1976፣ ፎንስና ማየርስ አስቀድሞ የተዘጋጀ የአክሪሊክ ቅርፊት በፊት ጥርስ ላይ ማጣበቅን አስተዋውቀው ነበር፤ ቅርፊቱ ፕላስቲክ በመሆኑ ግን ቀለሙን ይለውጣል፤ ይፋቃል፤ ይላቀቃልም። ወሳኙ ዓመት 1983 ነው። ሲሞንሰንና ካላሚያ ሬዚን በአሲድ ከተበላ ፖርሴሊን ጋር ያለውን የመያያዝ ብርታት ለክተው አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት ሆርን በአሲድ በተበላ ኢናሜል ላይ የሚጣበቁትን የፖርሴሊን ቬኒሮች ገለጠ። ካላሚያና ሲሞንሰን በ1984 ደግሞ ከአሲዱ በላይ ሲሌን ሲጨመር የሚገኘውን ጥቅም አሳዩ። ለፖርሴሊኑ የሚያገለግለው አሲድ ፎስፎሪክ አይደለም። የመስታወት ሠራተኞች መስታወት የሚቀርጹበት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ የሴራሚኩን ብርጭቆ ክፍል አሟሙቶ በውስጥ ገጹ ላይ ጉድጓዶችን ይተዋል።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ተሟላ። አሲድ የበላው ኢናሜል ሬዚኑን ይይዛል፤ ሬዚኑ ሲሌኑን፣ ሲሌኑ ሴራሚኩን ይይዛል። ከዚህም ያልተጠበቀ ትርፍ ተገኘ። ግማሽ ሚሊሜትር የሚያህል የፖርሴሊን ቬኒር በእጅ ሲያዝ በትንሽ ግፊት ይሰበራል፤ በኢናሜል ላይ ሲጣበቅ ግን የመንከስን ኃይል ይችላል። ተሰባሪ ነገር የሚሰበረው ገጹ ላይ ካለ ጥቃቅን ስንጥቅ ተነሥቶ ነው፤ ሬዚኑ ያንን ስንጥቅ ይሞላል፤ ኃይሉንም ከሥር ወዳለው ጥርስ ያሻግራል። ለአንድ መቶ ዓመት ጥርሱ ለሴራሚኩ ውፍረት ሲባል ሲሞረድ ኖሮ ነበር፤ አሁን ሴራሚኩ ስስ ሆኖ ብርታቱን ከጥርሱ መበደር ቻለ። ከላይ በተጠቀሰው የ2002 ጥናት ለቬኒርና በማጣበቅ ለሚያዙ ሥራዎች የሚወገደው የጥርስ አካል ከመቶ ከ3 እስከ 30 እጅ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

በኋለኛ ጥርሶችም ተመሳሳይ ለውጥ መጣ። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቨርነር ሞርማን ከኢንጂነሩ ከማርኮ ብራንደስቲኒ ጋር በመሆን የተቦረቦረውን ጥርስ በካሜራ አንሥቶ ኢንሌዩን ከሴራሚክ ድፍን የሚቀርጽ መሣሪያ ሠሩ፤ መስከረም 19 ቀን 1985ም የመጀመሪያው ታካሚ ወንበሩን ሳይለቅ ኢንሌዩ ገባለት። የዚያ ጊዜው መሣሪያ አቀራረጽ እንደ ዛሬው ጥብቅ ስላልነበረ ክፍተቱን የሚሞላውና ኢንሌዩን የሚይዘው ሬዚን ነበር፤ ማጣበቅ ባይኖር ያ መሣሪያ ከላቦራቶሪ ባልወጣ ነበር።

ዴንቲንና እርጥበቱ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ኢናሜል ነው። ከኢናሜሉ በታች ያለው ዴንቲን ግን ሌላ ባሕርይ አለው። ከክብደቱ ከመቶ 70 ያህሉ ማዕድን ሲሆን፣ 20 ያህሉ በአብዛኛው ኮላጅን፣ የቀረው ውሃ ነው። ወደ ነርቩ የሚያመሩ ፈሳሽ ያዘሉ ቦዮችም ሞልተውበታል። በውሃ የራሰን ነገር ውሃ ከሚሸሽ ሬዚን ጋር ማስማማት ቀላል አይደለም።

ሙከራው ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። ኦስካር ሐገር የተባለው የስዊዘርላንድ ኬሚስት በ1949 ከዴንቲን ጋር የሚያያዝ አሲዳማ ሬዚን ፈጥሮ ነበር፤ ክሬመርና ማክሊንም በ1952 ያ ሬዚን ባረፈበት ሥፍራ የዴንቲኑ ገጽ ተለውጦ ማየታቸውን ጽፈዋል። ትርጉሙ ግን ለረጅም ጊዜ አልተፈታም። በጃፓን ፉሳያማ በ1979 ኢናሜሉንና ዴንቲኑን በአንድነት አሲድ አስበልቶ ማጣበቅን ሲያስተምር፣ አሲዱ ነርቩን ይገድላል ብለው ብዙ የምዕራብ አገሮች ሐኪሞች ተቃወሙት። በ1982 ናካባያሺና ባልደረቦቹ በቶኪዮ ነገሩን ገለጡት። አሲዱ ማዕድኑን ሲወስድ የኮላጅኑ መረብ ይጋለጣል፤ ሬዚኑ ወደ መረቡ ሰርጎ ይጠጥራል፤ በመካከሉም ጥርስም ያልሆነ፣ ሬዚንም ያልሆነ፣ ከሁለቱ የተገኘ ድቅል ሽፋን ይፈጠራል።

ይህ ግኝት ማጣበቅን ወደ ዴንቲን ቢያሻግረውም ዴንቲንን ከኢናሜል ጋር አላስተካከለውም። ድቅሉ ሽፋን በጊዜ ብዛት በውሃና በዴንቲኑ ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች እየተጎዳ እንደሚሄድ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች አሳይተዋል። ከሥራ ልምድም እንደሚታወቀው ዙሪያውን በኢናሜል ላይ ያረፈ ቬኒር ብዙው ክፍሉ በዴንቲን ላይ ካረፈው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። አንድ ጊዜ አብዝቶ የሞረደ ሐኪም የተሻለውን መያዣ ራሱ ጥሎታል ማለት ነው።

አልያዝ ያለው ሴራሚክ

ሴራሚክ ሠሪዎች ብርታትን መፈለጋቸውን አላቆሙም። ተራው ፖርሴሊን ሲታጠፍ የሚችለው ኃይል በ100 ሜጋፓስካል አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። በ1998 ለገበያ የቀረበውና ኋላም የተሻሻለው የሊቲየም ዳይሲሊኬት ብርጭቆ ሴራሚክ ወደ 400 ይጠጋል፤ ከዚህም ጋር በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የሚበላ፣ ሲሌንንም የሚቀበል ነው። ከ2000 ወዲህ በሰፊው የተሠራበት ዚርኮኒያ ግን 900ና ከዚያም በላይ ይችላል። ነገር ግን ዚርኮኒያ ውስጥ ብርጭቆ የለም። ስለዚህ የተለመደው የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ዝግጅት አይሠራበትም፤ ሲሌኑም የሚጨብጠው ሲሊካ አያገኝም። ከሁሉ የበረታው ሴራሚክ ከሁሉ ይልቅ አልያዝ ያለው ሆነ።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች ወደ ላንድ ዘመን ተመለሱ። ዚርኮኒያው አይሰበርምና በሲሚንቶ ይቁም ተባለ፤ በሲሚንቶ እንዲቆም ደግሞ ጥርሱ ዳግመኛ እንደ ግንድ ተሞረደ። መፍትሔው ግን ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በጃፓን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከብረትና ከጥርስ ጋር ለማያያዝ የተሠራው ኤምዲፒ የተባለው ፎስፌት አዘል ሞኖመር ከዚርኮኒያም ጋር በኬሚካል ይያያዛል። ከርንና ቬግነር የተባሉ ጀርመናውያን በ1998 የዚርኮኒያውን ገጽ በአሉሚና ብናኝ ካሻከሩት በኋላ ኤምዲፒ ያለበትን ሬዚን ቢጠቀሙ፣ መያያዙ በውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላም እንደሚጸና አሳዩ። በአንጻሩ ኢናሜልን የሚያዘጋጀው ፎስፎሪክ አሲድ ዚርኮኒያን ለማጽዳት ቢውል ፎስፌቱ በገጹ ላይ ቀርቶ የኤምዲፒን ቦታ ይይዝበታል። ዛሬ ያለ አንድ የፊት ጥርስ የቀረን ወጣት በአንድ ክንፍ ብቻ ከጎረቤት ጥርስ ኢናሜል ጋር በሚጣበቅ የዚርኮኒያ ድልድይ መርዳት የተቻለው በዚህ ዕውቀት ነው።

ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት

ከላይ የተተረከው ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያስተምራል። እያንዳንዱ እርምጃ የተገኘው የበረታ ሙጫ በመፈለግ ብቻ ሳይሆን የሚጣበቀውን ገጽ በማወቅ ነው። ኢናሜል በፎስፎሪክ አሲድ፣ ብርጭቆ አዘሉ ሴራሚክ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድና በሲሌን፣ ዚርኮኒያ በአሉሚና ብናኝና በኤምዲፒ ይዘጋጃል። የአንዱ ዝግጅት ለሌላው አይሆንም። ከቴክኒሺያኑ የመጣው ሥራ ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ የሚያጣብቅ ሐኪም በጨለማ እንደሚሠራ ይቆጠራል። የተዘጋጀው ገጽ ምራቅ የነካው እንደሆነም ሳይጸዳ ማጣበቅ ያለፈውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ በላስቲክ መሸፈኛ ጥርሱን ከምራቅ መለየት የሚመከረውም ስለዚህ ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳን ዘልቆ በሰውነት ውስጥ ያለውን ካልሲየም የሚያስር አደገኛ ነገር ስለሆነ ከአፍ ውጭ፣ በጓንትና በመነጽር ብቻ ይሠራበት፤ የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባትም ከአጠገቡ አይጥፋ።

ጉዳዩ በአገራችንም የቅርብ ጉዳይ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም እንደ ወንጂ ባሉ ሥፍራዎች፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ስላለበት በልጅነታቸው ይህን ውሃ ሲጠጡ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው በልዞ ወይም ተሸርፎ ይታያል። እነዚህ ወጣቶች በሥራ ፍለጋም ሆነ በትዳር ምክንያት ፈገግታቸውን እንዲያስተካክልላቸው ሐኪም ሲጠይቁ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ ፍሎራይድ የጎዳው ኢናሜል ውጫዊ ገጹ ለአሲድ የማይበገር ስለሆነ ለጤናማው ጥርስ የሚበቃው ጊዜ ላይበቃው ይችላል፤ አሲዱን ማቆየት ወይም ገጹን በጥቂቱ መፋቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የወጣት ጥርስ ነርቩ ሰፊ ስለሆነ ለክራውን መሞረድ ነርቩን ለአደጋ ያጋልጣል። በማንጻት፣ ገጹን በመፋቅ ወይም በኮምፖዚት ሊታረም የሚችለውን አስቀድሞ መሞከር፣ ሴራሚክ የግድ ቢሆን እንኳ በኢናሜል ወሰን ውስጥ የሚያርፍ ቬኒርን መምረጥ የታሪኩም የሕሊናም ምክር ነው።

ይህን የምንጽፈው የማጣበቅ ጥበብ ራሱ ለሌላ ዓላማ ሲውል ስለምናይም ጭምር ነው። ጤናማና ትክክለኛ ጥርስ ያለው ሰው ነጣ ያለ ጥርስ ስለፈለገ ብቻ ስምንትና አሥር ጥርሱ ተሞርዶ ሴራሚክ ሲለብስ፣ ዘዴው የተፈለሰፈበት ምክንያት ተገልብጧል። ያ ሴራሚክ ዘላለማዊ አይደለም። አንድ ቀን መለወጥ ይኖርበታል፤ ሲለወጥም ጥርሱ ዳግመኛ ይነካል። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ሲወጣ ስለሚጠፉ፣ የተገፈፈው ኢናሜል በማናቸውም መንገድ ተመልሶ አይበቅልም።

ስለዚህ ባልደረቦቻችን ጥጉ የተሸረፈ ጥርስ ይዞ የመጣ ልጅ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ መሰርሰሪያውን ከማንሣታቸው አስቀድሞ ላንድና ሮሼት ይህንኑ ጥርስ እንዴት እንደያዙት ያስታውሱልን ዘንድ እንለምናለን። ላንድ ሌላ መንገድ አልነበረውም። እኛ ግን አለን።